የትኛው ዝላይ ለማን ይስማማል? የዳይቪንግ ቡድኖች፣ ቁጥሮችና አቋሞች ንጽጽር

ልጃቸው በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዳይቪንግ (ከከፍታ ወደ ውኃ የመዝለል ስፖርት) ቡድን ውስጥ የገባ ወላጆች ከመጀመሪያው ውድድር በፊት አንድ ወረቀት እጃቸው ይገባል። በወረቀቱ ላይ 103ሲ፣ 201ቢ፣ 5122ዲ የሚሉ ምልክቶች ተደርድረዋል፤ በአጠገባቸውም 1.6፣ 1.9 የሚሉ ቁጥሮች ተጽፈዋል። የኦሊምፒክን ውድድር በቴሌቪዥን የሚከታተል ሰውም ዘላዩ ከመዝለሉ በፊት በስክሪኑ ግርጌ 407ሲ ወይም 5253ቢ የሚል ጽሑፍ ያያል፤ ዝላዩ ግን ከሁለት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ስለሚያልቅ ቁጥሩ ምን እንዳለና ዘላዩ ምን እንደሠራ ለማስተያየት ፋታ አያገኝም። ይህ መመሪያ የተጻፈው ምልክቶቹን ማንበብ ለሚፈልጉ፣ በተለይም ከብዙ አማራጮች መካከል የውድድር ዝርዝር ለሚያዘጋጁ ጀማሪ ዘላዮች፣ ወላጆችና አሠልጣኞች ነው።

ስለ ቃላት አስቀድሜ ልናገር። ዘላዩ በአየር ላይ ራሱን ከፊት ወደ ኋላ ወይም ከኋላ ወደ ፊት የሚያዞረውን «ግልበጣ»፣ በቁመቱ ዙሪያ እንደ እንዝርት የሚሾረውን ደግሞ «ጥምዘዛ» እላለሁ። የሚያነጥረውን ሰሌዳ «ሰሌዳ»፣ የማይነቃነቀውን የኮንክሪት ከፍታ «ፕላትፎርም» ብዬዋለሁ። የአቋም፣ ማለትም ዘላዩ በአየር ላይ አካሉን የሚይዝበት ሁኔታ፣ ምልክት የሆኑትን አራት የላቲን ፊደላት ኤ፣ ቢ፣ ሲ እና ዲ እያልኩ ጽፌያቸዋለሁ።

ከምርጫ በፊት የሚቀመጡ መመዘኛዎች

የመጀመሪያው መመዘኛ ስሌት ነው። በኦሊምፒክ የግል ውድድር ሰባት ዳኞች ከ0 እስከ 10 በግማሽ ነጥብ እየለዩ ይፈርዳሉ፤ ሁለቱ ከፍተኛና ሁለቱ ዝቅተኛ ነጥቦች ይሰረዙና የቀሩት ሦስቱ ተደምረው በዝላዩ የክብደት ነጥብ፣ ማለትም ለዝላዩ አስቸጋሪነት በተሰጠው ቁጥር፣ ይባዛሉ። እንግዲህ 3.2 የክብደት ነጥብ ያለው ዝላይ ሊያስገኝ የሚችለው ትልቁ ውጤት 30 በ3.2 ሲባዛ የሚገኘው 96.00 ነው። ቻይናዊቷ ቹዌን ሆንግቻን እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ በ14 ዓመቷ የ10 ሜትር ፕላትፎርም ወርቅ ስታገኝ ከአምስቱ ዝላዮቿ ሦስቱ ልክ 96.00 አስመዝግበዋል፤ የሦስቱም የክብደት ነጥብ 3.2 ነበር፤ ድምሯም 466.20 ደርሷል። ማንኛውም የዝላይ ምርጫ ከዚህ ማባዣ አያመልጥም፤ ክብደት ሲጨመር ከጥራት ምን ያህል እንደሚቀነስ አስቀድሞ መታሰብ አለበት።

ሁለተኛው መመዘኛ የዘላዩ ጭንቅላት ከሰሌዳው ጋር ያለው ርቀት ነው። አንዳንድ ዝላዮች ከሰሌዳው እየራቁ ይገለበጣሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ ወደ ሰሌዳው ፊታቸውን ወይም ጀርባቸውን መልሰው ይዞራሉ። ወላጅ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ ይህ ይመስለኛል፤ ሆኖም ብዙውን ጊዜ ከነጥቡ ቀጥሎ ነው የሚጠየቀው።

ሦስተኛው የመነሻው ዓይነትና ከፍታ ነው። ከ10 ሜትር ያለ ምንም መንጠር የወደቀ ሰው ውኃው ላይ የሚደርሰው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት ሲሆን በአየር ላይ የሚቆየውም 1.4 ሰከንድ ያህል ነው። ከ3 ሜትር የወደቀው ደግሞ በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከፍታ ጊዜ ይሰጣል፣ ስህተትን ግን አብዝቶ ይቀጣል። አራተኛው መመዘኛ የውድድሩ ደንብ የሚያስገድደው ነው፤ ምርጫው ነጻ የሚመስላቸው ብዙ ሰዎች ዝርዝራቸውን ሠርተው ከጨረሱ በኋላ አንድ የዝላይ ቡድን (ዓይነት) እንደጎደላቸው የሚያውቁት ይህን ስለማያዩ ነው።

ቁጥሩ እንዴት ይነበባል

ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር ሲሆን የመጀመሪያው አኃዝ ቡድኑን ይናገራል፦ 1 የፊት፣ 2 የኋላ፣ 3 ሪቨርስ፣ 4 ኢንዋርድ። መካከለኛው አኃዝ አብዛኛውን ጊዜ 0 ነው፤ 1 ከሆነ ዝላዩ «በራሪ» ይባላል፣ ይኸውም ዘላዩ በጉዞው ከፊል አካሉን ቀጥ አድርጎ እንደሚንሳፈፍ ያመለክታል። 113ቢ እንዲህ ያለ ዝላይ ነው፤ ዛሬ በትላልቅ ውድድሮች ላይ እምብዛም አይታይም። ሦስተኛው አኃዝ ግልበጣውን በግማሽ ዙር ይቆጥራል፦ 1 ግማሽ፣ 2 አንድ ሙሉ፣ 3 አንድ ተኩል፣ 5 ሁለት ተኩል፣ 7 ሦስት ተኩል፣ 9 አራት ተኩል። ስለዚህ 107ቢ ማለት ወደ ፊት ሦስት ተኩል ግልበጣ፣ ከወገብ ታጥፎ የሚሠራ ማለት ነው።

ቁጥሩ በ5 ሲጀምር ጥምዘዛ ያለበት ዝላይ ነው። ሁለተኛው አኃዝ መነሻው ከአራቱ አቅጣጫዎች የትኛው እንደሆነ ይነግራል፣ ሦስተኛው ግልበጣውን በግማሽ፣ አራተኛው ጥምዘዛውን በግማሽ ይቆጥራል። 5253ቢ በዚህ መንገድ ሲነበብ ከኋላ መነሻ፣ ሁለት ተኩል ግልበጣ፣ አንድ ተኩል ጥምዘዛ፣ በቢ አቋም ይሆናል። እዚህ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። ጥምዘዛው በግማሽ የሚያልቅ ከሆነ ዘላዩ በአየር ላይ ጎኑን ለውጦ ይወጣል፤ ጀርባውን ሰጥቶ የተነሣው ሰው ከጥምዘዛው በኋላ ለራሱ አካል ወደ ፊት እየተገለበጠ ይጨርሳል። ጥምዘዛው ሙሉ ቁጥር ከሆነ በጀመረበት አቅጣጫ ይጨርሳል። 5132ዲ የምትማር ልጅ ስትነሣም ስትጨርስም ግልበጣዋ ወደ ፊት ነው፤ ለጀማሪ ጥምዘዛ ሆኖ የሚመረጠውም አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በ6 የሚጀምሩት በእጅ ቆመው የሚነሡ ናቸው፣ የሚፈቀዱትም በፕላትፎርም ላይ ብቻ ነው። 6243ዲ በእጅ ቆሞ ወደ ኋላ ሁለት ግልበጣ ከአንድ ተኩል ጥምዘዛ ጋር ነው። በቀሩት ቡድኖች የግልበጣው አኃዝ ጎዶሎ ከሆነ ዘላዩ በእጁና በጭንቅላቱ፣ ሙሉ ከሆነ በእግሩ ውኃ ይገባል፤ በቡድን 6 ግን ዘላዩ ሲጀምር ራሱ ተገልብጦ ስለቆመ ሒሳቡ ይገለበጣል፣ 626ሲም ሦስት ሙሉ ግልበጣ ሆኖ ሳለ በእጅ የሚገባ ዝላይ ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው የቡድን 6ን ዝርዝር ሲያይ ስህተት የታተመ ይመስለዋል።

ስድስቱ ቡድኖች በመመዘኛዎቹ ሲታዩ

አራቱን መሠረታዊ ቡድኖች ለመለየት ሁለት ጥያቄ በቂ ነው፦ ዘላዩ ሲነሣ ፊቱ ወደ ውኃው ነው ወይስ ወደ ሰሌዳው? ግልበጣውስ ወደ ፊት ነው ወይስ ወደ ኋላ? የፊት ቡድን ፊቱን ወደ ውኃው አድርጎ ወደ ፊት ይገለበጣል። የኋላው ጀርባውን ለውኃው ሰጥቶ ወደ ኋላ ይገለበጣል። ሁለቱም ከሰሌዳው እየራቁ ይዞራሉ። ሪቨርስ ፊቱን ወደ ውኃው አድርጎ ተራምዶ ይነሣና ወደ ኋላ ይገለበጣል፤ ጭንቅላቱ ወደ መጣበት ሰሌዳ ይመለሳል። ኢንዋርድ ጀርባውን ለውኃው ሰጥቶ ቆሞ ወደ ፊት፣ ማለትም ወደ ሰሌዳው፣ ይገለበጣል። እንግዲህ 1 እና 4 ግልበጣቸው አንድ ነው፣ 2 እና 3ም እንዲሁ፤ ልዩነታቸው ሰሌዳው ያለበት ቦታ ነው። 103ሲን አጥርቶ የሚሠራ ልጅ የ403ሲን ግልበጣ አካሉ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ያልተማረው ከሰሌዳው ርቆ የመነሣቱን ጥበብ ብቻ ነው።

የክብደት ሠንጠረዡ ይህን ልዩነት በነጥብ ይተረጉመዋል። አንድ ተኩል ግልበጣን በሲ አቋም ከ1 ሜትር ሰሌዳ ስንወስድ የፊቱ 1.6፣ የኋላው 2.0፣ ሪቨርሱ 2.1፣ ኢንዋርዱ 2.2 ነው። ከ3 ሜትር ሲሆን በቅደም ተከተል 1.5፣ 1.9፣ 2.0 እና 1.9 ይሆናል። ኢንዋርድ በ1 ሜትር ከሁሉ የከበደ ሆኖ ሳለ በ3 ሜትር ከሪቨርስ በታች ወርዶ ከኋላው ጋር እኩል ሆኗል። ምክንያቱ ጊዜ ነው፦ ከኋላ ተራምዶ የመነሣት ዕድል የሌለው ኢንዋርድ ከዝቅተኛ ሰሌዳ አንድ ተኩል ዙር ለመጨረስ ከፍታ ያጥረዋል፤ ሁለት ሜትር ሲጨመርለት ያ ጭንቀት ይቀልለታል። በሪቨርስ ላይ ግን ወደ ሰሌዳው የመመለሱ ፍርሃትና ወደ ኋላ ተለጥጦ ውኃ የመግባቱ ችግር በየትኛውም ከፍታ ይከተላል።

ስለ ሪቨርስ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1983 በካናዳ ኤድመንተን በተካሄደው የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ውድድር ላይ የሶቪየት ኅብረቱ ሰርጌይ ሻሊባሽቪሊ 307ሲን ሲሞክር ጭንቅላቱ ከፕላትፎርሙ ጋር ተጋጭቶ ከቀናት በኋላ ሕይወቱ አልፏል። ከአምስት ዓመት በኋላ በሴኡል ኦሊምፒክ አሜሪካዊው ግሬግ ሉጋኒስ በ3 ሜትር ማጣሪያ ላይ ሁለት ተኩል ሪቨርስ በቢ አቋም ሲሠራ ጭንቅላቱ ሰሌዳውን መታው፤ ቁስሉ ተሰፍቶለት ውድድሩን ቀጥሎ አሸነፈ። በዘመኑ ከነበሩት ዘላዮች ሁሉ የተዋጣለት ይባል የነበረ ሰው ይህ ከደረሰበት፣ ለልጅ 303 የሚመረጠው አሠልጣኙ ርቀቱን ደጋግሞ አይቶ ሲያረጋግጥ ብቻ መሆን አለበት። ወላጅ ይህን ለመጠየቅ የዳይቪንግ ዕውቀት አያሻውም፤ «ከሰሌዳው ምን ያህል ይርቃል?» ብሎ መጠየቅ ይበቃዋል። በጣም መራቅም ነጥብ ያስቀንሳል፤ ከአደጋ ጋር ሲነጻጸር ግን ያ ቀላል ዕዳ ነው።

በእጅ ቆሞ መነሣት የተለየ ፈተና አለው። ዘላዩ ጸንቶ መቆሙን ማሳየት ይኖርበታል፤ ሚዛኑን ስቶ እጁ ከቦታው ከተነቃነቀ እንደገና ይጀምራል፣ ከእያንዳንዱ ዳኛ ነጥብ ላይም ሁለት ይቀነሳል፣ ለሁለተኛ ጊዜ ከተሳነው ዝላዩ ዜሮ ይሆናል። በጂምናስቲክ ወይም በሰርከስ ያደገ ሰው እዚህ ቡድን ላይ ትልቅ ብልጫ አለው።

| ቡድን | አነሣሥ | ግልበጣ | ምሳሌ | ክብደት በ1 ሜትር | ክብደት በ3 ሜትር | ዋናው ፈተና | ለማን |
|---|---|---|---|---|---|---|---|
| 1 የፊት | ፊት ወደ ውኃ | ወደ ፊት | 103ሲ | 1.6 | 1.5 | ብዙ ዙር ሲጨመር አካልን አጥርቶ መዘርጋት | ለጀማሪ ሁሉ |
| 2 የኋላ | ጀርባ ለውኃ | ወደ ኋላ | 203ሲ | 2.0 | 1.9 | ወደ ኋላ ተለጥጦ መግባት | ከፊት ቀጥሎ |
| 3 ሪቨርስ | ፊት ወደ ውኃ | ወደ ኋላ | 303ሲ | 2.1 | 2.0 | ከሰሌዳው መራቅ | አሠልጣኝ ሲፈቅድ |
| 4 ኢንዋርድ | ጀርባ ለውኃ | ወደ ፊት | 403ሲ | 2.2 | 1.9 | ከቆመበት ከፍታ ማግኘት | ጠንካራ እግር ላለው |
| 5 ጥምዘዛ | ከአራቱ አንዱ | እንደ መነሻው | 5132ዲ | 2.2 | 2.1 | ጥምዘዛውን በልኩ ማቆም | ሚዛን ለሚያውቅ |
| 6 በእጅ መቆም | በፕላትፎርም ብቻ | ሦስት አቅጣጫ | 6243ዲ | — | — | ጸንቶ መቆም | የጂምናስቲክ መሠረት ላለው |

የክብደት ሠንጠረዡ በዓለም አቀፉ የውኃ ስፖርት ማኅበር፣ ቀድሞ ፊና ይባል በነበረው ወርልድ አኳቲክስ፣ በየጊዜው ስለሚከለስ ከውድድር በፊት የወቅቱን እትም ማመሳከር ግድ ነው።

ኤ፣ ቢ፣ ሲ ወይስ ዲ?

ኤ አካል ከወገብም ከጉልበትም ሳይታጠፍ ቀጥ የሚልበት ነው። ቢ ከወገብ ታጥፎ ጉልበት የሚዘረጋበት ሲሆን ዘላዮች ፓይክ ይሉታል። ሲ ጉልበትን ወደ ደረት ስቦ ቅልጥምን በእጅ ይዞ መጠቅለል ነው፤ ታክ ይባላል። ዲ ነጻ አቋም ሲሆን በጥምዘዛ ዝላዮች ላይ አቋሞችን ለማቀላቀል ይፈቅዳል። አካል በተጠቀለለ መጠን ፈጥኖ ስለሚዞር ሲ ቀላሉ፣ ኤ ከባዱ ነው። ለምሳሌ በ1 ሜትር 101ሲ 1.2፣ 101ቢ 1.3፣ 101ኤ 1.4 ነው።

ዝርዝር የሚያዘጋጅ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያመነታው በቢ እና በሲ መካከል ነው፤ ስለዚህ ስሌቱን እዚህ ላይ በዝርዝር ማየት ይጠቅማል። አንዲት ልጅ 103ሲን ከ1 ሜትር ሠርታ ከሦስቱ ዳኞች 7፣ 7፣ 7 ታገኛለች እንበል። 21 በ1.6 ሲባዛ 33.6 ነው። በምትኩ 103ቢን ብትመርጥ ክብደቱ 1.7 ስለሆነ ድምሯ 20 ቢሆን 34.0 ታገኛለች፣ 19.5 ቢሆን ግን 33.15 ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ወደ ቢ መሻገሩ የሚያዋጣት ከሦስቱ ዳኞች በድምሩ ከአንድ ነጥብ በላይ የማያሳጣት ከሆነ ነው። ጉልበቷ በትንሹ የሚታጠፍ ልጅ ከዚህ የበለጠ ታጣለች፤ ለአንድ አሥረኛ ነጥብ ብሎ አጥርታ የምትሠራውን ዝላይ ማስጣል ትርፉ አይታየኝም።

በ403 ላይ ግን መልሱ ይለወጣል። በ1 ሜትር ሲ 2.2፣ ቢ 2.4 ነው። በሲ 6.5 የምታገኝ ልጅ 42.9 ታስመዘግባለች፤ በቢ ከእያንዳንዱ ዳኛ ግማሽ ነጥብ አጥታ 6 ብታገኝ እንኳ 43.2 ይሆናል። በከፍተኛው ደረጃ ክፍተቱ ይበልጥ ይሰፋል። ከ10 ሜትር 107ቢ 3.0፣ 109ሲ 3.7 ነው፤ በ107ቢ 8.5 የሚያገኝ ዘላይ 76.5 ሲያስመዘግብ በ109ሲ 7 የሚያገኘው 77.7 ያስመዘግባል። ከእያንዳንዱ ዳኛ አንድ ተኩል ነጥብ አጥቶም ይበልጣል ማለት ነው። የዓለም ምርጥ ወንዶች አራት ተኩል ግልበጣን ወደ ዝርዝራቸው ያስገቡት በዚህ ሒሳብ ነው፤ ገና 105ን ያላጠራ ወጣት ግን ከዚህ ሒሳብ ምንም ትርፍ የለውም።

ፊደሉ ቃል ኪዳን መሆኑም መታወቅ አለበት። በወረቀቱ ላይ 103ቢ ተጽፎ ዘላዩ በግልጽ በሲ ቢሠራው ዝላዩ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን ዳኛው ከ2 በላይ መስጠት አይችልም፤ አቋሙ በከፊል ብቻ ከተለወጠ ጣሪያው 4.5 ነው። ቁጥሩ ራሱ ከተሳሳተ፣ ማለትም የታወጀው ሳይሆን ሌላ ዝላይ ከተሠራ፣ ውጤቱ ዜሮ ነው። ጥምዘዛው ከታወጀው በ90 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከጎደለ ወይም ከተረፈም እንዲሁ ነው። አጥርቶ የዘለለ ልጅ በእስክሪብቶ ስህተት ምክንያት ሦስቱ ዳኞች ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት ብለው ሲያሳዩት ማየት ያሳዝናል፤ ለዚህም ወረቀቱን ከአሠልጣኙ ሌላ አንድ ሰው ቢያነበው መልካም ነው።

ክብደት ያሸነፈበት አንድ ዝላይ

ክብደትና ጥራት በአንድ ዝላይ ላይ እንዴት እንደሚፋጠጡ ከሚያሳዩት ሁሉ የ1988ቱ የሴኡል የ10 ሜትር ፍጻሜ የጎላ ነው። ከመጨረሻው ዝላይ በፊት የ14 ዓመቱ ቻይናዊ ሺዮንግ ኒ ሉጋኒስን በ3 ነጥብ ይመራ ነበር። ሺዮንግ 3.2 ክብደት ያለው ዝላይ ሠርቶ 82.56 አገኘ፤ ይህ ማለት ዳኞቹ ከ30 የሰጡት 25.8 ነው። ሉጋኒስ የመረጠው 307ሲን ነበር፤ ከአምስት ዓመት በፊት ሻሊባሽቪሊን የገደለውን ያንኑ ዝላይ፣ በዚያው ኦሊምፒክ ጭንቅላቱ ከተመታ በኋላ። ክብደቱ 3.4 ነው። ዳኞቹ የሰጡት 25.5፣ ውጤቱም 86.70 ሆነ። በጥራት ሺዮንግ በሦስት አሥረኛ በልጦ ሳለ ወርቁ በ638.61 ለ637.47፣ በ1.14 ነጥብ ብልጫ፣ ለሉጋኒስ ሆነ።

ይህን ታሪክ ሰዎች የድፍረት ምሳሌ አድርገው ያነሡታል፤ እኔ ግን የዝግጅት ምሳሌ አድርጌ ነው የማየው። ሉጋኒስ 307ሲን የመረጠው በዚያ ቀን ነጥብ ስለፈለገ አልነበረም፤ ከዓመታት ልምምድ በኋላ ከ30 25.5 የሚያስገኝለት ዝላይ ስለሆነ በዝርዝሩ ላይ ነበር። ያው ዝላይ 24 ብቻ ቢያስገኝለት ኖሮ 81.6 ሆኖ ይሸነፍ ነበር።

እንደ ፍላጎትና እንደ ውድድሩ የሚሰጥ ምክር

በፓሪስ 2024 ደንብ ሴቶች አምስት፣ ወንዶች ስድስት ዝላይ ይሠራሉ። በ3 ሜትር ሰሌዳ ቡድን 6 ስለሌለ ሴቶች ከአምስቱም ቡድኖች አንድ አንድ መውሰዳቸው ግድ ነው፤ ምርጫቸው በየቡድኑ ውስጥ በሚገኙት ቁጥሮችና አቋሞች ላይ ብቻ ይሆናል። ወንዶች ስድስተኛውን ከፈለጉት ቡድን ይጨምራሉ፤ ያቺ ስድስተኛ ዝላይ ዘላዩ ከሁሉ የሚተማመንበት ቡድን መሆን አለባት። በ10 ሜትር ወንዶች ስድስቱንም ቡድኖች ይሠራሉ። በ10 ሜትር ሴቶች ግን አንድ ቡድን የመተው መብት አለ፤ እዚህ ላይ ምርጫው እውነተኛ ምርጫ ነው። ቹዌን በቶኪዮ የሠራቻቸው 107ቢ፣ 407ሲ፣ 207ሲ፣ 6243ዲ እና 5253ቢ ነበሩ፤ የተወችው ሪቨርስን ነው። ከሪቨርስና በእጅ ከመቆም አንዱን መተው ላለባት ዘላይ ጂምናስቲክ የሠራች ከሆነች የቹዌንን መንገድ እንድትከተል እመክራለሁ፤ ክንዷ በመቆም ላይ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን ቡድን 6ን ትታ ሪቨርሱን ብትይዝ ይሻላታል።

በጥንድ ውድድር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች የክብደት ነጥባቸው የትኛውም ዝላይ ቢመረጥ 2.0 ሆኖ ይታሰባል። ስለዚህ በእነዚህ ሁለት ዙሮች ከባድ ዝላይ መምረጥ ምንም አያስገኝም፤ ሁለቱም ዘላዮች አብረው በአንድ ጊዜ ውኃ የሚገቡበት ንጹሕ 201ቢ ወይም 401ቢ ይበቃል።

በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚወዳደር ልጅ ላላቸው ወላጆች ጉዳዩ ትንሽ ይለያል። ውድድሩ የሚካሄደው በ1 ሜትር ሰሌዳ ሲሆን በ11 ዝላዩ ሻምፒዮና አምስቱ «ቮለንተሪ» የሚባሉት ከአምስቱ ቡድኖች አንድ አንድ ተወስደው የክብደታቸው ድምር ከ9.0 መብለጥ የለበትም፤ ስድስቱ «ኦፕሽናል» ደግሞ የክብደት ገደብ የለባቸውም። 101ቢ 1.3፣ 201ቢ 1.6፣ 301ቢ 1.7፣ 401ቢ 1.5 እና 5122ዲ 1.9 ሲደመሩ 8.0 ይመጣሉ። የቀረችውን አንድ ነጥብ ለመሙላት ብዙዎች ይጓጓሉ፦ 101ቢን ወደ 103ቢ፣ 401ቢን ወደ 403ሲ ቢቀይሩ 9.1 ሆኖ ከገደቡ ያልፋል፤ በ103ቢ ፋንታ 103ሲን ቢያደርጉት ግን ልክ 9.0 ይሆናል። ስሌቱ ያምራል፤ ሆኖም ጀማሪ እንዲከተለው አልመክርም። አንድ ቁጥር አቋሙ ቢለወጥም እንደ አንድ ዝላይ ስለሚቆጠር 103ና 403 ለቮለንተሪ ከዋሉ ለኦፕሽናል ሊደገሙ አይችሉም፤ ለአብዛኛው የሁለተኛ ዓመት ዘላይ ደግሞ ኦፕሽናሎቹ 103፣ 203፣ 303፣ 403 እና 5132 ራሳቸው ናቸው። ቮለንተሪውን በ8.0 ትቶ 103ቢን በ1.7፣ 203ሲን በ2.0፣ 303ሲን በ2.1፣ 403ሲን በ2.2፣ 5132ዲን በ2.2 ማስቀመጥ የተሻለ ነው። ለስድስተኛዋ ቦታ 2.4 ክብደት ያላት 105ሲ አለች፤ እሷን በልምምድ ላይ አጥርቶ የሚገባባት ልጅ ካልሆነ በስተቀር አሠልጣኙ በ202 ወይም በ302 ዓይነት በእግር በሚገባ አንድ ሙሉ ግልበጣ ቢተካት የተሻለ ነጥብ ያስገኛል።